ጳጉሜን የረሱት መሪጌታ

እስከ ዛሬ ድረስ መልስ ያጣሁለት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መሪጌታ እንዳላማው ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም ነበር?

የዕረፍታቸውን ወሬ የሰማሁት በነሐሴ መጨረሻ፣ ከሥራ ስወጣ፣ በፋብሪካው በር ላይ ነው። ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ዘበኛው ካፖርቱን እያራገፈ፣ «ሰማሽ ወይ? ጓድ ጳጉሜ ዐረፉ እኮ» አለኝ። ክፋት አስቦ አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ ከዕቃ ግምጃ ቤታችን እስከ ገበያው ድረስ ሰው የሚያውቃቸው በዚያ ስም ነው። ጳጉሜን የረሱ የዘመን ቆጠራ መምህር ተብለው ስድስት ዓመት ተሳቀባቸው፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። እኔ ግን ያ ስም በተጠራ ቁጥር የምይዘውን የምጨብጠውን አጣ ነበር። ስሙን ያመጣሁባቸው እኔ ነኝና።

መሪጌታ ቀድሞ ከጣና ደሴቶች በአንደኛው ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩ ነበር፤ የጾሙና የበዓሉ ቀን፣ የጨረቃው ዕድሜ ሁሉ የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ቁጥር። የደብሩ መሬት ሲወረስ ተማሪዎቻቸው ተበተኑ። እሳቸው በታንኳ ተሻግረው መጡና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠሩ። ፋብሪካው የሴቶች ሩጫ ቡድን ያቋቋመ ጊዜ የሩጫውን ሰዓት እንዲይዙ የታዘዙት ሦስት ሰዎች ሦስት ዓይነት ደቂቃ እየተናገሩ አስቸገሩ። መሪጌታ ሰዓቱን ከግምጃ ቤት ይዘው የመጡ ዕለት ዳር ቆመው በልባቸው ቆጠሩ፤ ሩጫው ሲያልቅ የተናገሩት ቁጥር ሰዓቱ ላይ ካለው ጋር ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ ከአንገታቸው፣ ከማዕተባቸው ጎን፣ አልወረደም።

አሰልጣኝ በላቸው ጥምጥማቸውን አልወደደውም። «ጓድ መሪጌታ፣ ይህ እኮ ስፖርት ነው። ይህን ነገር ከራስዎ ቢያወርዱት።»

«ጥምጥሙ አይሮጥም፣ ጓድ አሰልጣኝ። እኔም አልሮጥም። ምን አስቸገረዎ?»

ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ሲያስቡ ሰዓቱን ወደ ጆሯቸው ያስጠጉና እንደ እንቁላል ነቅነቅ ያደርጉታል። ሲቆጥሩ አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ትሄዳለች፤ ከንፈራቸው ግን አይንቀሳቀስም። ሰኮንድ የሚለውን ቃል አፋቸው አልለመደውም። «አስናቀች የሻረግን በሁለት ሣልሲት ቀደመቻት» ይላሉ። ሣልሲት በእሳቸው ቆጠራ የዕለት ቅንጣት ናት፤ ግማሽ ሰኮንድ እንኳ አትሞላም። ልጆቹ ይስቃሉ፤ አስናቀች ግን አንዷን ሣልሲት እንኳ እንዳትነጠቅ ትከራከር ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ከፈትል ክፍል ወጥቼ የቡድኑ መዝገብ ጸሐፊ ከሆንሁ ዓመት አልሞላኝም። ፊደል የቆጠርሁት በሃያ አራት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ በፋብሪካው የምግብ አዳራሽ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለፊደል ይሳሳል። መስመሬ ከጎበጠ ገጹን ቀድጄ እንደገና እጽፍ ነበር። መሪጌታ ይህን አይተው ነው መሰለኝ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ጸሐፊት» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን በየካቲት መዝገቡን ከፊቴ ወሰዱና ቆመው ያነቡ ጀመር።

«ጸሐፊት፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ልጆቹ የቀሩበት ቀን ነው፣ መሪጌታ። ምክንያቱ ከጎኑ አለ።»

«የሻረግ ኅዳር ስድስት፣ ወባ። የሻረግ ታኅሣሥ አራት፣ ወባ። ጥር ሁለት፣ ወባ። ጥር ሠላሳ፣ ወባ።» አውራ ጣታቸው በአንጓዎቹ ላይ ሄደች። «በየሃያ ስምንት ቀኑ። አስናቀች ደግሞ በየሠላሳው። ለመሆኑ ወባ ባሕረ ሐሳብ ከየት ተማረች?»

አንገቴን ደፋሁ። ያን ምሥጢር የማያውቅ ወንድ እንጂ የማያውቅ ሴት በቡድኑ ውስጥ አልነበረም። የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ «ወባ ተነሣብኝ» ትላለች፤ ወባ በባሕር ዳር ማንንም አያስገርምም። የክሊኒኩ ድሬሰር ክሎሮኪን ይሰጣታል። ሁለት ቀን ትተኛለች፤ በሦስተኛው ትመጣለች።

«ክሎሮኪኑንስ ይውጡታል?»

«ከምላሳቸው ሥር ይዘው ይወጡና ከአጥሩ ሥር ይተፉታል።»

«እንግዲያ የአጥሩ ሣር ዘንድሮ ወባ አይነካውም» አሉና መዝገቡን መለሱልኝ። አልሳቁም። ትንሽ ቆይተው ከአጠገቤ ተቀመጡ።

«እናታቸው ስትሞት ሦስት ሴቶች ልጆች ተረከብሁ። ትልቋ አንድ ቀን ጠፋች። ከደሴቱ ወዲህ ማዶ ካለው ቤቴ፣ ከበረቱ ጀርባ፣ ከጭዱ ውስጥ ተደብቃ አገኘኋት። ቀኑን ሙሉ አልበላች፣ አልጠጣች። ‹አባባ፣ እየሞትሁ ነው፤ ለእነሱ አትንገራቸው› አለችኝ። እኔ የአዳምን ዘመን ከእነ ሰዓቱ የማስተምር ሰው ልጄን ምን እንደምላት አላወቅሁም ነበር። ጎረቤት ሮጬ ሴት ጠራሁላት።» ሰዓቱን ነቀነቁት። «ቁጥር ማፈር አያውቅም፣ ጸሐፊት። የምናፍረው እኛ ነን።»

አሰልጣኝ በላቸው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አያውቅም ነበር እንጂ። አንዷ ደፍራ ብትነግረው፣ «ሩጪበት፤ ሰውነት ሲሞቅ ይቆማል» ብሏታል። ልጆቹስ ምን ያውቁ ነበር? አንዷ በእነዚያ ቀኖች የሮጠች ማኅፀኗ ይወርዳል ትላለች። ሌላዋ ቀዝቃዛ ውኃ የነካች እንደሆነ ደሙ ወደ ራስ ይወጣል ብላ እግሯን እንኳ ሳትታጠብ ትሰነብታለች። እኔም ከእነሱ አልሻልም ነበር፤ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ሳነብ ስለዚህ ነገር አንድ መስመር አጋጥሞኝ አያውቅም።

መሪጌታ የፈለጉት ቀላል ነበር። ልጆቹ ቀናቸውን ለእኔ ይነግሩኛል፤ እኔ በደረታቸው ላይ ባለው የሩጫ ቁጥር እጽፋለሁ፤ እሳቸው ቀጣዩን ያወጣሉ። «ስም አልፈልግም፤ ቁጥር ስጪኝ» አሉ። የዐሥራ አንዱም ልጆች ቁጥር የማን የማን እንደ ሆነ ከሩጫው ሰዓት የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ወደ አንዷ ዞር ብለው እንዳወቁ አላስታወቁም። ለጨርቁ ደግሞ ከግምጃ ቤት የተቆራረጠ ነጠላ ጨርቅ በወር በወር ማዘዣ ያስጽፉኛል፤ ምክንያቱ «ለሩጫ ሰዓት መጥረጊያ» የሚል ነው። የግምጃ ቤቱ ሹም ሦስት ኪሎውን እየመዘነ፣ «መሪጌታ፣ ይህ ሰዓት ከምን ጭቃ ወደቀ?» ይላቸዋል። ልጆቹ ጨርቁን አፍልተው ፀሐይ ላይ እንዲያሰጡት ያዘዙት እሳቸው ናቸው። በጓዳ ጨለማ ውስጥ የሚደርቅ ጨርቅ ይሸታል፣ ያሳክካል፤ ይህን ከልጆቻቸው ተምረዋል።

መጀመሪያ ላይ ግን ተሳስተው ነበር። ሴት ሁሉ ከጨረቃ ጋር ትሄዳለች ብለው አምነው ለዐሥራ አንዱም በአንድ ጨረቃ ቆጠሩ። ከዐሥራ አንዱ የገጠመው ሁለቱ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰዓቱን ሲነቀንቁ ሰነበቱ። ከዚያ አንድ ጠዋት ፊታቸው በርቶ መጡ።

«ጸሐፊት! እያንዳንዷ የራሷ አበቅቴ አላት!»

አበቅቴ በባሕረ ሐሳብ ከዓመቱ ቆጠራ የሚተርፈው ቀን ነው። እሳቸው ሊሉ የፈለጉት፣ የእያንዳንዷ ትርፍና ጉድለት የራሷ ነው፤ የአንዷ ቁጥር ለሌላዋ አይሠራም ነው። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዷ ለየብቻ ቆጠሩ፤ ከአንድ ሁለት ቀን ያለፈ ሳቱ ማለት እምብዛም ነበር። ልጆቹ ቀናቸውን ቀድመው እያወቁ ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ ረጅሙ የዘንዘልማ ሩጫ በከባዱ ቀን የሚገጥማት ልጅ ለእኔ ትነግረኛለች፤ መሪጌታ ለአሰልጣኙ «የሰባት ቁጥር እግር ዛሬ ይረፍ» ይሉታል። አሰልጣኙ ከሰዓት ያዥ ምክር መቀበሉ እየገረመው ይቀበላል።

የሻረግ ግን አንድ ነገር ከነከናት። የመሸንቲ ልጅ ናት፤ ገና ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን በእነዚያ ቀኖች ከደጀ ሰላም ወዲህ ቆመው ከሚያስቀድሱት አንዷ ናት። «እትዬ ሙሉ፣ እስቲ መሪጌታን ጠይቂልኝ። በዚህ ጊዜ መሮጥ ኃጢአት አይደለም?» አለችኝ። ጠየቅሁላት።

«ቤተ መቅደስ የራሱ ሥርዓት አለው፤ እኔም እጠብቀዋለሁ» አሉ። «ሜዳው ግን ታቦት የለውም። ትሩጥ።»

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ።

በነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መስከረም ዘጠኝ በባሕር ዳር የሦስት ሺህ ሜትር ማጣሪያ አለ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ፋብሪካውም ቋሚ ሠራተኛ ያደርጋቸዋል። የሻረግ ጊዜያዊ ነበረች። ቋሚ ካልሆነች ውላቸው በመስከረም ከሚያልቀው መካከል ናት፤ ከዚያ ወደ መሸንቲ፣ ወደ አባቷ ቤት።

«እትዬ፣ መሪጌታን ጠይቂልኝ። ያ ቀን ያገኘኛል?»

«እጠይቅልሻለሁ» አልሁ። በነጋታው ወደ ቤታቸው ስሄድ በንጋት ተሻግረዋል። የጳጉሜን ሱባኤ በደሴታቸው ነው የሚይዙት። የሚመለሱት በውድድሩ ጠዋት ነው።

ልተወው እችል ነበር። «የሉም» ማለት ምን ይከብዳል? ግን ስድስት ወር ሙሉ ሲቆጥሩ አይቻለሁ፤ መደመር አውቃለሁ፤ ደግሞም አንድ ነገር በራሴ አውጥቼ ለሰው መስጠት አማረኝ። መዝገቡን ገለጥሁ። የሻረግ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት። እስከ ሠላሳ ዐሥራ አራት ቀን። ገጹን ገለጥሁ፤ መስከረም። ዐሥራ አራት ልጨምር፤ መስከረም ዐሥራ አራት። ሁለት ጊዜ ደመርሁት፤ ሁለት ጊዜም ትክክል ሆነ።

«መስከረም ዐሥራ አራት ነው» አልኋት። «ውድድሩ ዘጠኝ። አምስት ቀን ይቀርሻል። ምንም አትያዢ፤ ሐሳብሽን ሩጫሽ ላይ አድርጊ።»

የፋብሪካው መዝገብ ዐሥራ ሁለት ገጽ ነበረው። ጳጉሜን ደመወዝ ስለማይከፈልባት ገጽ አልታተመላትም። ነሐሴን ሲገልጡ የሚመጣው መስከረም ነው። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ሙሉ ጳጉሜን እየኖርሁ፣ በዝናቧ እየታጠብሁ፣ ወረቀት ላይ ስላላየኋት የለችም አልሁ።

በውድድሩ ቀን ፀሐይ ነበር። የቡድናችን ቁምጣ ከራሳችን ፋብሪካ ጨርቅ የተሰፋ ነጭ ነው። መሪጌታ ከጀልባ እንደ ወረዱ፣ ነጠላቸው ገና ሳይደርቅ፣ በቀጥታ ወደ ሜዳው መጥተው ሰዓቱን ከአሰልጣኙ ተቀበሉ። የሻረግ እስከ አምስተኛው ዙር ሁለተኛ ነበረች። ከዚያ ከወዲያኛው ማዶ፣ ሰው ከማይበዛበት በኩል፣ በድንገት ቆመች። ከሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷን አቀፈች።

አሰልጣኙ ጮኸ። ከሕዝቡ አንዱ «ቅልጥሟ ነው!» አለ፤ ሌላው «ደክማ ነው፣ የገጠር ልጅ!» አለ። እኔ ከዳር ሆኜ ያየሁት አቀማመጧን ነው። ያኔ ጳጉሜን ትዝ አለችኝ። አምስት ቀን።

መሪጌታ በሜዳው መካከል ይሄዱ ጀመር። አልሮጡም። ሰዓቱ በእጃቸው ይቆጥራል። እኔ ከኋላቸው ሮጥሁ። ከልጅቱ አጠገብ ሲደርሱ ጀርባቸውን ሰጧት፤ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱና ጥምጥማቸውን ይፈቱት ጀመር፤ ይፈቱታል፣ ይፈቱታል፣ አያልቅም። ራሳቸውን ገልጠው ሳያቸው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ትንሽ፣ ሽበት የዘራ፣ የሕፃን የመሰለ ራስ። ሳይዞሩ ጨርቁን ወደ ኋላ ዘረጉላት።

«ወገብሽን እሰሪበት።»

«መሪጌታ፣ ይረክሳል!» አለች እያለቀሰች።

«ይታጠባል እንጂ። እሰሪ። ሰዓቱ አልቆመም፤ ሁለት ዙር ተኩል ይቀርሻል።»

አሰርሁላት። ተነሣች። ሌሎቹ ሁሉ ጨርሰው ሲተነፍሱ የሻረግ በወገቧ ላይ የሊቅ ጥምጥም ታጥቃ ሁለቱን ዙር ተኩል ብቻዋን ሮጠች። መሪጌታ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ መጨረሻው ላይ ቆመው ጠበቋት፤ ስትደርስ ሰዓቱን ጠቅ አደረጉና ደቂቃዋን ልክ እንደ አንደኛዋ ጮክ ብለው አነበቡላት።

በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ፤ ሂስና ግለ ሂስ። ከዚያ በፊት ጠዋት መሪጌታ ወደ ቢሮዬ መጥተው መዝገቡን ጠየቁኝ። የነሐሴን ገጽ አዩ። ገለጡ፤ መስከረም። መልሰው ነሐሴን አዩ። ጣታቸው ከሠላሳ በታች ባለው ባዶ ወረቀት ላይ ቆየች። ከዚያ በጎን ያለውን፣ በእርሳስ የደመርሁትን አዩት ይሁን አላዩት አላውቅም።

«ጸሐፊት፣ ሱባኤ ከመግባቴ በፊት ለየሻረግ ቁጥር አውጥቼ ነበር?»

አላወጡም። አፌን ከፈትሁ። ወደ ፈትል ክፍል፣ ወደዚያ ጩኸትና ብናኝ፣ ያለ መጽሐፍ መመለስ ታየኝ። ዝም አልሁ። ዐይናቸው በእኔ ላይ አልነበረም፤ በሰዓቱ ላይ ነበር።

«አውጥቼ ይሆናል» አሉ። «ሰው ያረጃል።» ሰዓቱን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቅነቅ አደረጉትና ወጡ።

በስብሰባው አሰልጣኝ በላቸው የሻረግ በውድድሩ መካከል ቁጭ ብላ የፋብሪካውን ስም አዋርዳለች፣ ከቡድኑ ትሰናበት አለ። የሻረግ ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን ዐይኗ ድረስ ስባለች። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። መሪጌታ እጃቸውን አወጡ።

«ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ። ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም። ቀኗን ቆጥሬ የምሰጣት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ስቆጥር ጳጉሜን ረሳሁ።»

ሊቀ መንበሩ ግራ ገባው። «ጳጉሜን ከሩጫ ጋር ምን አገናኛት፣ ጓድ መሪጌታ?»

«የወር አበባዋ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። መስከረም ዐሥራ አራት ይመጣል አልኋት፤ መስከረም ዘጠኝ መጣ።»

ያ ቃል በወንድ አፍ፣ ያውም በባለ ጥምጥም አፍ፣ በስብሰባ ላይ ተሰምቶ አያውቅም። ብዕሬ ከወረቀቱ በላይ ቆመ። መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጻፊው፣ ጸሐፊት። ‹የወር አበባ›። ሁለት ቃል ነው። ቁጥር ማፈር አያውቅም።»

ጻፍሁት። ከሥሩም፣ በምሳሳለት ንጹሕ ጽሕፈቴ፣ «ጓድ መሪጌታ እንዳላማው ጳጉሜን መርሳታቸውን አመኑ» ብዬ ጻፍሁ።

ከዚያ ለሩብ ሰዓት ያህል አስተማሯቸው። ስለ ሃያ ስምንቱና ስለ ሠላሳው፣ ወባ ስለምትባለው ነገር፣ ክሎሮኪን ስለጠገበው ሣር። ድሬሰሩ ራሱን ያዘ። አሰልጣኙ መሬት መሬት ሲያይ ቆይቶ ቀና አለ።

«እንግዲህ አምስት ቀን ቀደመ ማለት ነው?»

«አምስት።»

«አምስቱ ጳጉሜን?»

«አምስቱ ጳጉሜን።»

«መሪጌታ!» አለ አሰልጣኙ። «የአዳምን ዘመን ከእነ ሰዓቱ የሚያውቁ ሰው ጳጉሜን ረሱ?» ብሎ ሳቁን ለቀቀው። አዳራሹ ሁሉ ተከተለው። የሻረግም ከነጠላዋ ሥር ሳቀች። ስሙ የወጣው እዚያው ላይ ነው፤ ከኋላ አንዱ «ጓድ ጳጉሜ!» አለ፤ ተጨበጨበ። እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

ሳቅ ባለበት ሰው አይባረርም። አሰልጣኙ ራሱ፣ «እሑድ ካለፉት ጋር እንደገና ትሩጥ» አለ። መስከረም ዐሥራ ስድስት ሮጠች፤ በአንደኛዋ በሦስት ሣልሲት ተቀድማ ሁለተኛ ወጣች። ቋሚ ሆነች። በመዝገቡም ላይ ዐሥራ ሦስተኛ ገጽ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ለአሰልጣኙ በቀጥታ ይነግሩታል፤ እሱም ጆሮው እየቀላ ይሰማል። ድሬሰሩ በዓመቱ፣ «ወባ ከዚህ ቡድን ጠፋች» እያለ ሲያስቅ ነበር።

መሪጌታ ከዚያ በኋላ ቆጠራውን ለእኔ ተዉልኝ። «አንቺ ቁጠሪ፤ እኔ እረሳለሁ» አሉ። ጣቴን ይዘው አንጓ በአንጓ አስተማሩኝ፤ ወንጌላውያኑን፣ ሉቃስ በሆነ ዓመት ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን፣ ሁሉን። ስድስት ዓመት ስቆጥር አንድ ቀን አልሳትሁም። ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። የእኔን ስሕተት አውቀው ተሸክመውልኝ፣ ቆጠራውንም እንድክስበት ከሆነ የሰጡኝ፣ እንደዚያ ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ሳያውቁ፣ እውነትም ረሳሁ ብለው፣ በአእምሯቸው ላይ እምነት አጥተው ከሆነስ? ብዙ ጊዜ ልነግራቸው ሄጃለሁ። ሻይ ያስቀርቡልኛል፤ ስላነበብሁት መጽሐፍ ይጠይቁኛል፤ እመለሳለሁ። ደስተኛ ሰው ነበሩ። ያ ደስታቸው አፌን ይዘጋው ነበር።

የተቀበሩት በደሴታቸው ነው። ደሴቱ ሴት አያስገባም። እኛ ከዳር፣ ከደንገሉ አጠገብ ቆመን ጀልባው ውኃው ላይ እስኪያንስ አየነው። የሻረግ የሩጫውን ሰዓት በእጇ ይዛለች፤ ጉልበቷ ከተጎዳ ወዲህ ልጆቹን የምታሠለጥነው እሷ ናት፤ ሰዓቱን መሪጌታ ሰጥተዋታል። «አይ ጓድ ጳጉሜ!» አለች፤ እየሳቀች ታለቅሳለች። ያኔም ዝም አልሁ።

በሳምንቱ ጳጉሜን አንድ ገባች። ጠዋት ወደ ሜዳው ሄድሁ። ልጆቹ በካፊያው ውስጥ ይሮጣሉ፤ የሻረግ ዳር ቆማለች።

«የሻረግ፣ ያን ጊዜ መስከረም ዐሥራ አራት ያልሁሽ እኔ ነኝ።»

«አዎን። አንቺ ነሽ መልእክቱን ያመጣሽልኝ።»

«መልእክት አልነበረም። መሪጌታ ተሻግረው ነበር። የቆጠርሁት እኔ ነኝ። ጳጉሜን የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ሰዓቱን አየች። ልጆቹ አንድ ዙር ዞሩ። እሷ ደቂቃቸውን ሳትይዝ ሲያልፉ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

«እኔ ስድስት ዓመት ‹ጓድ ጳጉሜ› ስላቸው?»

«አዎን።»

«አንቺም እየሰማሽ?»

«እየሰማሁ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ፊሽካዋን ወደ አፏ አስገባችና ነፋች። «ልጆች፣ ኑ! እትዬ ሙሉ የምትነግራችሁ ነገር አላት!» ከዚያ ወደ እኔ ዝቅ ብላ፣ «ለእኔ ብቻ አይደለም የምትነግሪው። እሳቸው በአዳራሽ ነው የተናገሩት» አለችኝ።

ዐሥራ አራት ልጃገረዶች ላባቸውና ዝናቡ ተቀላቅሎ እያንጠባጠቡ ከበቡኝ። ነገርኋቸው። ከወባው ጀምሬ፣ ስለ አጥሩ ሣር፣ ስለ ዐሥራ ሁለቱ ገጽ፣ ስለ ጥምጥሙ፣ ስለ ቃለ ጉባኤው። አልሳቁም። ስጨርስ ከሁሉ የምታንሰው፣ ዘንድሮ የመጣች ልጅ፣ እጇን አወጣች።

«ታዲያ ዘንድሮ ጳጉሜን ስንት ናት?»

አውራ ጣቴን በጣቶቼ አንጓ ላይ አስኬድሁ። ዮሐንስ፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ። ደግሜ ቆጠርሁ።

«ሉቃስ ነው። ስድስት ናት።»

«እንዳትረሺያት፣ እትዬ ጳጉሜ!»

የሻረግ ልትቆጣት አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው።

«አቤት» አልሁ።